ከፈረስ ጭራ ወደ ስፖንጅ፦ ጎርፍ የገባበትን መኪና የማድረቅ ታሪክ

ጎርፍ የገባበት መኪና ውስጡ በምን ያህል ጊዜና በምን ዓይነት ሥራ እንደሚደርቅ የሚወስነው መኪናው የተሠራባቸው ነገሮች ምንነት ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በዚህ ረገድ ከሠረገላ ብዙም አይለዩም ነበር። ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓተንት ያወጣበት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ጣሪያም በርም አልነበረውም፤ ዝናብ ቢገባበት ነፋስ ያደርቀዋል። ቀጥለው የመጡትን መኪኖች አካል የሠሩትም እነዚያው ሠረገላ ሠሪዎች ስለነበሩ ወለሉ ጣውላ፣ አጽሙ እንጨት፣ ወንበሩ በቆዳ የተለበጠና በፈረስ ጭራ የተሞላ ሆኖ ቀጠለ።

የፈረስ ጭራና ጋማ ለወንበር የተመረጠው እንዲሁ ስለተገኘ ብቻ አይደለም። ጸጉሩ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ከቆየ በኋላ ሲደርቅ ጥምዝዙን ይይዛል፤ ሲፈታም እንደ ሽቦ ጥቅልል ይለጠጣል፣ ይመለሳልም። እያንዳንዱ ዘለላ የሚይዘው ውሃ ትንሽ ሲሆን በዘለላዎቹ መካከል አየር እንደ ልብ ይመላለሳል። ስለዚህ ወንበሩ ጎርፍ ሲጠጣ ባለሙያው ስፌቱን ይፈታል፣ ቆዳውን ያነሣል፣ ጸጉሩን አውጥቶ ያጥባል፣ በጥላ ሥር ዘርግቶ ያደርቃል፣ በእጁ ወይም በመፈልፈያ ያባዘዋል፣ መልሶም ይሞላዋል። ቆዳው ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ቀስ ብሎ ይደርቅና ዘይት ይቀባል፤ ተቻኩሎ ሙቀት ያሳየው ሰው የሚያገኘው የተሸበሸበና የደረቀ ቁራጭ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስቸግረው እንጨቱ ነበር። መጋጠሚያዎቹ ከቆዳና ከአጥንት ተፈልቶ በተሠራ ሙጫ የተያዙ በመሆናቸው ብዙ ቀን በውሃ ውስጥ ከቆዩ ሙጫው ይለቃል፣ ጣውላውም ሲደርቅ ይጣመማል። ያም ቢሆን ጉዳቱ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስና በአናጺ የሚጠገን ነበር።

ይህ ዓይነቱ መኪና ከታላቅ ጎርፍ ጋር የተጋጠመበት ጉልህ ጊዜ 1927 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 21 ቀን በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ማውንድስ ላንዲንግ በተባለው ቦታ የወንዙ መከላከያ ግድብ ተደረመሰ። በዚያ ጎርፍ በጠቅላላው 70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በውሃ ተሸፈነ፤ ከ600,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተፈናቀለ። በብዙ ቦታም ውሃው ለወራት አልጎደለም። በዚያው የፀደይ ወቅት፣ በግንቦት ወር፣ ፎርድ ከ15 ሚሊዮን በላይ የሠራውን ሞዴል ቲ ማምረት አቆመ። በአሜሪካ ገጠር መንገድ ላይ በብዛት የሚታየው መኪና ይኸው ሞዴል ቲ ነበርና የዚያ ዘመን የማድረቅ ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። የወለሉ ጣውላዎች ተነሥተው ይወጣሉ፤ ሥራቸው ያለው ጭቃ በአካፋ ይጠረጋል፤ የወንበሩ መቀመጫ እንደ ትራስ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከኤሌክትሪኩ ነገር የሚያሳስቡት ብልጭታ የሚሰጡት ጥቅልሎች ናቸው፤ እነርሱም በእንጨት ሳጥን የተዘጉ ስለሆኑ እንጨቱ እርጥበት ከያዘ ብልጭታው ይደክማልና እስኪደርቁ ይጠበቃል። አንድ ገበሬ ያለ ልዩ መሣሪያ በግቢው ውስጥ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን በዚያው ዓመት እያበቃ ነበር። በ1919 በአሜሪካ ከሚሸጡት መኪኖች ጣሪያና መስታወት ያላቸው ዝግ መኪኖች ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነበሩ፤ በ1927 ግን ከመቶ 85 ያህሉ ዝግ ሆኑ። ገዢው ከዝናብና ከብርድ ተጠለለ፤ መኪናው ግን የገባበትን ውሃ አምቆ የሚይዝ ክፍል ሆነ። ጣሪያው ከውስጥ በጨርቅ ተለበጠ፣ በሮቹ በካርቶን ላይ በተወጠረ ጨርቅ ተሸፈኑ፣ ወንበሮቹም ከቆዳ ይልቅ በሱፍና በሞሄር ጨርቅ ተሠሩ። ካርቶን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቅርጹንም አይመልስም። ሱፍ ብዙ እርጥበት ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። መስታወቱ ከተዘጋ ደግሞ ቀን በሙቀት የተነነው ውሃ ሌሊት በመስታወቱና በጣሪያው ላይ ጠብ ብሎ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ሻጋታ የመኪና በሽታ የሆነው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

አካሉም በዚያው መጠን ተለወጠ። ኤድዋርድ በድ የተባለው የፊላዴልፊያ አምራች በ1914 ለዶጅ ወንድማማቾች ሙሉ የብረት አካል ማቅረብ ጀመረ፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1935 ሞዴሎቹ ጣሪያውን ከጨርቅ ወደ አንድ ወጥ ላሜራ አሸጋገረ። ወለሉ ጣውላ መሆኑ ቀርቶ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ያለ፣ እንደ ትሪ የተቀጠቀጠ ላሜራ ሆነ። እንዲህ ያለ ወለል ውሃን ወደ ውጭ እንደሚከለክል ሁሉ የገባውንም አይለቅም። አምራቾቹ በወለሉ ላይ በጎማ ክዳን የሚዘጉ ቀዳዳዎችን ትተዋል፤ በፋብሪካ ቀለም በሚነከርበት ጊዜ ፈሳሹ እንዲወርድ የተበጁት እነዚህ ቀዳዳዎች ጎርፍ ለገባበት መኪና ትልቅ ጥቅም ሰጥተዋል። ክዳኑን አንሥቶ ውሃውን በሥር መልቀቅ እስከ ዛሬ የሥራው መጀመሪያ ነው። ብዙ ባለንብረቶች ግን ሞኬቱ ስለሚሸፍናቸው መኖራቸውን እንኳ አያውቁም።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ የመጣው በወንበሩ ውስጥ ነው። በ1929 የደንሎፕ ኩባንያ ተመራማሪዎች የጎማ ዛፍ ፈሳሽን በአየር መትተው ለስላሳ ስፖንጅ ሠሩ። በ1937 ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ በሌቨርኩዘን ከተማ የፖሊዩሪቴንን ኬሚስትሪ አገኙ፤ ከዚያ የመነጨው ለስላሳ ስፖንጅ በ1950ዎቹ ወደ ገበያ ወጣ። ርካሽ፣ ቀላልና በፈለጉት ቅርጽ የሚፈስ በመሆኑ የፈረስ ጭራንና የኮኮናት ቃጫን ቀስ በቀስ ከመኪና አስወጣ። እንደ ቮልስዋገን ቢትል ያሉ ጥቂት መኪኖች በአሮጌው ሙሊት ብዙ ዓመት ቆይተዋል፤ በጎርፍ ጊዜም ይህ ጠቅሟቸዋል።

ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ውሃውን ወደ ልቡ ይስባል። ውሃው ሲገባ ደቃቅ አፈር፣ ፍሳሽና ተሐዋስያን ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ግን ውሃው ብቻ ይተናል፣ የቀረው እዚያው ይቀራል። ስፖንጁ በቅርጽ ስለሚፈስ እንደ ጸጉር አውጥቶ ማባዘት አይቻልም። ከላይ ያለው ጨርቅ በአንድ ቀን ደርቆ እጅ ሲነካው ደረቅ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን ክብደቱ ውሃውን ከውስጥ ይጨምቀዋል። ወለሉም ተመሳሳይ ነው። ከላይ የሚታየው የናይለን ሞኬት በሰዓታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ከሥሩ ግን ድምፅና ሙቀት እንዲከላከል የሚነጠፍ፣ ከተፈተለ ጨርቅ ትራፊና ከጁት የተሠራ ወፍራም ንጣፍ አለ፤ በብዙ መኪኖችም በሁለቱ መካከል ውሃ የማያሳልፍ ከባድ ፕላስቲክ ይገባል። ውሃው ከጠርዝ ገብቶ ንጣፉን ካራሰ በኋላ ወደ ላይ የሚተንበት መንገድ የለውም፤ ከታች ደግሞ ላሜራው አለ። እንዲህ ተይዞ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወለሉን ከላይ ወደ ታች ያዝገዋል። በሞቃት አየር ሻጋታ ለመብቀል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ሽታውን ለማጥፋት ሽቶ የሚረጩ ሰዎች ይህን ስለማያዩ ነው፤ ሽታው የሚመጣው ከማይታየው ንጣፍ ነውና።

ስለ ማድረቅ የተሻለ እውቀት በመጀመሪያ የመጣው ከመኪና ጋራዥ አይደለም። ኅዳር 4 ቀን 1966 በጣሊያን የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን አጥለቀለቀ፤ በአንዳንድ ሰፈሮች የውሃው ከፍታ ከ6 ሜትር አለፈ። ለክረምት ማሞቂያ የተጠራቀመው ናፍጣ ከየምድር ቤቱ ወጥቶ ከጭቃው ጋር ተቀላቀለ። በጠባብ መንገዶች የቆሙ መኪኖች እየተንሳፈፉ አንዱ በሌላው ላይ ተከመሩ። ዓለም ግን ይበልጥ ያዘነው ለመጻሕፍቱ ነበር፤ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶች ተጎዱ። ጥራዞቹ በመጋዝ ብናኝ ተሸፈኑ፣ በገጾቻቸው መካከል ውሃ የሚመጥ ወረቀት ገባ፣ በጭነት መኪና ተጭነውም የትምባሆ ቅጠል ወደሚደርቅባቸው ቤቶች ተወሰዱ። እንግሊዛዊው የመጽሐፍ ጠራዥ ፒተር ዋተርስና ባልደረቦቹ ለዓመታት በቀጠለው ሥራ ዕቃውን መጀመሪያ ማጠብ፣ ከዚያ በቁጥጥር ማድረቅ የሚለውን ሥርዓት አጠነከሩ። ጭቃ ከደረቀ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው፤ ሙቀት ከበዛም ቆዳና ብራና ይኮማተራል። እነዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ለመኪና ወንበርም እኩል ይሠራሉ።

ለቁጥጥሩ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ቀደም ብለው ተፈጥረው ነበር። ዊሊስ ካሪየር በ1902 በብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የሠራው መሣሪያ የአየር ማቀዝቀዣ አባት ተብሎ ይታወቃል፤ የተሠራው ግን ወረቀቱ በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ ኅትመቱን ስላበላሸ እርጥበቱን ለመቆጣጠር ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዋልተር ፓትሪክ በ1919 ፓተንት ያገኘበት ሲሊካ ጄል ደግሞ እርጥበትን ከአየር የሚስብ ንጥረ ነገር ነው፤ ዛሬ ከአዲስ ጫማ ጋር በከረጢት የሚመጣው እርሱ ነው። ፓካርድ የተባለው መኪና በ1939 አየር ማቀዝቀዣ ይዞ ብቅ አለ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከግማሽ የሚበልጡት ነበራቸው። የመኪናው አየር ማቀዝቀዣ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ሲያሳልፍ ውሃው ጠብ ይላል፤ ማሞቂያው አብሮ ሲከፈት ሞቃትና ደረቅ አየር ይገኛል። በዚህ መንገድ መኪናው ለራሱ ማድረቂያ ሆነ፤ ሞተሩ በውሃ ካልተነካ ማለት ነው።

የሞኬትና የምንጣፍ ባለሙያዎችም የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1972 በአሜሪካ የተመሠረተውና አሁን በምህጻሩ አይአይሲአርሲ የሚባለው ተቋም በ1994 ውሃ የገባበትን ቤትና ዕቃ ለማድረቅ የሚያገለግል ኤስ 500 የተባለ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ውሃን እንደ ንጽሕናው በደረጃ ይለያል፤ ከቧንቧ የፈሰሰ ንጹሕ ውሃ፣ ከመታጠቢያ የወጣ የቆሸሸ ውሃና የፍሳሽ ወይም የወንዝ ጎርፍ ውሃ አንድ ዓይነት አያያዝ የላቸውም። የጎርፍ ውሃ ከመጨረሻው ክፍል ስለሚመደብ የራሰው ንጣፍ ደርቆ ከሚመለስ ቢጣል ይመረጣል። የመኪና ውስጥ አድራቂዎችም ይህንኑ ፍርድ ወርሰዋል፤ ልክም ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፎ የተደላደለው አሠራር የሚጀምረው ባትሪውን በመፍታት ነው፤ ቁልፍ አይነካም፣ ሞተር አይነሣም። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ባትሪው ከተፈታ በኋላም የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ ወንበሮቹ ከነሐዲዳቸው ይወጣሉ፣ የበሩ ሥር ፕላስቲኮች ይነሣሉ፣ ሞኬቱ ከነንጣፉ ተገልብጦ ይወጣል። ይህን ሳያደርጉ ላይ ላዩን በቫኪዩም መምጠጥ ድካም ብቻ ነው። የወለሉ ክዳኖች ተከፍተው ላሜራው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ የባሕር ውሃ ከሆነ ማጠቡ ይደጋገማል፣ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለና፣ ጨውም ከደረቀ በኋላ ከአየር እርጥበት እየሳበ ማዛጉን ይቀጥላል። የበሮቹ ውስጠኛ ሽፋን ይፈታል። የደህንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ይታጠባል፤ የሚጠቀለልበት ቤት ውስጥ አሸዋ ከቀረ በአደጋ ጊዜ ላይይዝ ስለሚችል ብዙ ባለሙያዎች መለወጡን ይመርጣሉ። ስፖንጁ ታጥቦ ከተጨመቀ በኋላ በነፋስ ማራገቢያና በእርጥበት መጣጭ ማሽን ፊት ለቀናት ይቆያል። ወለሉ ፈጽሞ እስኪደርቅ ምንም አይመለስበትም።

ይህ አሠራር እየተሻሻለ በሄደበት በዚያው ጊዜ መኪናው ከማድረቅ እያመለጠ ሄደ። ቮልስዋገን በ1967 ቦሽ የሠራውን ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ በአንድ ሞዴሉ ላይ አስገባ። መርሴዲስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤርባግን ለገበያ አቀረበ፤ አሜሪካም ከመስከረም 1997 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ የፊት ኤርባግ እንዲኖር ግዴታ አደረገች። ቦሽ በ1986 ያስተዋወቀው፣ የመኪናን ኮምፒዩተሮች በሁለት ሽቦ የሚያገናኝ ሥርዓት በ1991 በመርሴዲስ ላይ ዋለ። እነዚህ መሣሪያዎች ቦታ ይፈልጋሉ፤ ብዙዎቹም የተቀመጡት በወንበር ሥር፣ በመሐል ኮንሶሉ ወለል ላይና በሞኬቱ ሥር ነው። የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ግጭትን በትክክል እንዲለካ ከወለሉ ጋር በጥብቅ ይታሰራል፤ ስለዚህም በቁርጭምጭሚት ልክ የገባ ውሃ ያገኘዋል። በሽቦ መጋጠሚያ ውስጥ የገባች ጠብታ መዳቡን አረንጓዴ እስክታደርግ ወራት ሊፈጅባት ይችላል። መኪናው ደርቆ፣ ጸድቶ፣ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ስድስት ወር ቆይቶ መስታወቱ በራሱ የሚወርደው ወይም የፍሬን መብራቱ የሚበራው ለዚህ ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኞች ጉዳቱን በውሃው ከፍታ መመዘን ጀመሩ፤ ውሃው ዳሽ ቦርዱን የነካው መኪና በአብዛኛው እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

አምራቾች ራሳቸው በማድረቅ ላይ የነበራቸው እምነት ምን ያህል እንደቀነሰ የታይላንድ ጎርፍ አሳይቷል። በጥቅምት 2011 በአዩታያ ያለው የሆንዳ ፋብሪካ ተጥለቀለቀ፤ ኩባንያው በውሃ የተያዙትን 1,055 አዳዲስ መኪኖች ለማድረቅ አልሞከረም፣ በይፋ ሰባብሮ አስወገዳቸው እንጂ። በባንኮክ ደግሞ ሕዝቡ ከማድረቅ ማዳን ይሻላል ብሎ መኪኖቹን በከፍተኛ ድልድዮችና በተነሡ አውራ ጎዳናዎች ላይ ደረደረ፤ አንዳንዱም መኪናውን በሙሉ በትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት አሠረ።

እያንዳንዱ ባለቤት ግን እንደ ሆንዳ አላደረገም፤ ሊያደርግም አይችልም። በነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የኒው ኦርሊንስን ከመቶ 80 ያህል በውሃ ከሸፈነ በኋላ በመቶ ሺህዎች የሚገመቱ መኪኖች ተበላሹ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ታጥበው፣ አዲስ ሞኬት ተነጥፎላቸው፣ በሌላ ግዛት አዲስ ወረቀት ወጥቶላቸው ለሽያጭ ቀረቡ። ማድረቅ በዚህ ጊዜ ጉዳትን ከመጠገን ወደ መደበቅ ተሻገረ፤ ይህም በሙያው ታሪክ ውስጥ እጅግ አሳዛኙ ምዕራፍ ነው፣ የገዢው ሕይወት በማይሠራ ኤርባግ ላይ ተጥሏልና። አሜሪካ በ1992 ባወጣችው ሕግ የመኪኖችን የባለቤትነት ታሪክ በአንድ ቋት የሚይዝ ሥርዓት እንዲቋቋም አዝዛ ነበር፤ ሥርዓቱ ለተራ ገዢዎች ክፍት የሆነው ግን በ2009 ነው። ከካትሪና በኋላ ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የወንጀል መከላከያ ቢሮ ማንም ሰው የሻንሲ ቁጥር አስገብቶ በነፃ የሚያጣራበትን መንገድ ከፈተ። በዚህም የመኪናው ወረቀት ከወንበሩ ደረቅነት የበለጠ የሚታመን ማስረጃ ሆነ።

ወረቀት ግን ድንበር ሲሻገር ይቀየራል። በአሜሪካ በጨረታ የሚሸጡ የተጎዱ መኪኖች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይጫናሉ፤ የዱባይና የሻርጃ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ለሚገቡ መኪኖች ዋነኛ ምንጭ ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ዝናብ ወረደ፤ በአል ዓይን አካባቢ ኻትም አል ሻክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ተለካ። የዱባይ መንገዶች ሐይቅ ሆኑ፣ እጅግ ብዙ መኪኖችም እስከ መስታወታቸው ተዋጡ። ሊብሬው አዲስ፣ በላቫጆ የጸዳ መኪና ፊት የቆመ ገዢ የሚተማመነው እንግዲህ በአሮጌው የእጅ ምርመራ ነው። የሞኬቱን ጠርዝ ማንሣት፣ ቀበቶውን እስከ ጥጉ ስቦ የጭቃ መሥመር መፈለግ፣ በወንበሩ ሥር ያሉ ብሎኖች የዛጉ ወይም የተፈቱ መሆናቸውን ማየት፣ የመጠባበቂያ ጎማውን ጉድጓድ መዳሰስ ማንኛውም የአዲስ አበባ መካኒክ የሚያውቀው ዘዴ ነው። በአሥር ዓመት ዕድሜ መኪና ላይ እንግዳ ሆኖ የሚታይ አዲስ ሞኬትም ራሱ ምልክት ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ይህ ታሪክ ሌላ መልክ ይዟል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ጉዳዩ ለአገሩ ባለመኪናም ቅርብ ነው። በእነዚህ መኪኖች ዋናው ባትሪ ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ ይቀመጣል። ሣጥኑ ውሃ እንዳይገባው ተብሎ የታሸገ ቢሆንም ለቀናት በጨው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ሌላ ነገር ነው። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ በኒው ጀርሲ የኒውአርክ ወደብን ሲያጥለቀልቅ ፊስከር ካርማ የተባሉ 16 መኪኖች ተቃጠሉ፤ ኩባንያው ምክንያቱ የጨው ውሃ በ12 ቮልቱ መስመር ላይ የፈጠረው መገናኘት ነው ብሏል። በ2022 መስከረም ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ ደግሞ በባሕር ውሃ የተዘፈቁ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውሃው ከጎደለ ቀናትና ሳምንታት ቆይተው እሳት አስነሡ። ጨው በባትሪው ውስጥ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ድልድይ ስለሚሠራ ሙቀቱ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዛመታል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን የሰጠው ምክር የማድረቁን ቅደም ተከተል ለውጦታል፤ ጨው ውሃ የገባው የኤሌክትሪክ መኪና በመጀመሪያ ከቤት፣ ከሌሎች መኪኖችና ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ 15 ሜትር ያህል ርቆ በሜዳ ይቀመጣል፣ ባትሪው በባለሙያ ይመረመራል፤ ሞኬቱንና ወንበሩን የሚያወጣ ሰው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።